የወለጋ ምርጫ ታሪክ፦ ውድድሩ የት ነበር?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። አንዱ ጓደኛችን፣ ወለጋ ከጥንት ጀምሮ ድምፁን ለገዥው ወገን የሚሰጥ፣ ሰጥ ለጥ ብሎ የሚገዛ አገር ነው አለ፤ ማስረጃውም የምርጫ ውጤት ሠንጠረዥ ነበር። ሌላው ደግሞ ከዚያው ሠንጠረዥ የ1997ን ዓመት ብቻ ነቅሶ አወጣና፣ ወለጋ በልቡ ሁልጊዜ ተቃዋሚ ነው ሲል ሞገተ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ አገር ነው፤ ሁለቱም የጠቀሱት ቍጥር ትክክል ነው። እኔ የኡኬ ልጅ በመሆኔ ፍረድ ተባልሁ፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት የሚረባ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

አንባቢ እንዳይሳሳት ከወዲሁ ለማስታወቅ ያህል፣ ስለ ኢትዮጵያ የምጠቅሳቸው ዓመታት በእኛ አቈጣጠር ሲሆኑ፣ ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ግን በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሁልጊዜ ለአንድ ወገን የሚመርጥ አገር ምን እንደሚመስል ለማወቅ፣ ምርጫ ሳይቋረጥ ከሚካሄድበት አገር አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኦታዋ የሚባል ካውንቲ አለ። ካውንቲ ማለት የራሱ ምክር ቤትና የራሱ የፖሊስ አዛዥ ያለው፣ በእኛ ወረዳ ወይም በቀድሞው አውራጃ ሊመሰል የሚችል የአስተዳደር ክፍል ነው። በ1847 ቄስ አልበርተስ ቫን ራልቴ ከኔዘርላንድ የተሰደዱ ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደዚያ ደረሱና ሆላንድ የምትባለውን ከተማ ቈረቈሩ። ሰዎቹ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ፣ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ፣ ኑሯቸው በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ዙሪያ የሆነ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ከ1864 ወዲህ በዚያ ካውንቲ በፕሬዚዳንት ምርጫ የዴሞክራት እጩ አሸንፎ አያውቅም። በ1912 ብቻ ድምፁ ከሪፑብሊካን ፓርቲ ተገንጥሎ ለተወዳደረው ለቴዎዶር ሩዝቬልት ሄደ፤ እርሱም ቢሆን ትናንት የሪፑብሊካን ሰው የነበረ ነው። በ1964 ሚሺጋን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ለጆንሰን ሲሰጥ፣ ኦታዋ ከጎልድዋተር ጋር ቀረ። በ2004 ቡሽ በዚያ ከመቶ 70 በላይ አገኘ፤ በ2020 ትራምፕ ከመቶ 60 ያህል። የሕዝቡም ቍጥር በዚያው ዓመት ቈጠራ 296,200 ነበር።

ወግ አጥባቂ የሚባለው አገር እንግዲህ ይህን ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ኦታዋ ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሆላንዳውያን ስደተኞች ያዘነበሉት ወደ ዴሞክራቶች ነበር፤ ከላይ እንዳየነው በ1864 እንኳ ካውንቲው የመረጠው የሊንከንን ተቃዋሚ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅበት አገር ውድድር አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ። በ2022 ኦታዋ ኢምፓክት የሚባል ቡድን እጩዎች የካውንቲውን ምክር ቤት ብዙ ወንበሮች ያዙ። ያሸነፏቸው ግን ዴሞክራቶችን አልነበረም፤ በነሐሴ ወር በተደረገው የፓርቲ ማጣሪያ ምርጫ የቈዩትን ሪፑብሊካኖች ነው የጣሉት። የኅዳሩን ውጤት ብቻ የሚያይ ሰው እንደ ወትሮው ሪፑብሊካን አሸነፈ ብሎ መዝግቦ ያልፋል። ትግሉ ግን በነሐሴ አልቆ ነበር፤ ማጣሪያውም ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ ገብቶ ድምፅ የሚሰጥበት፣ ውጤቱም ተቈጥሮ የሚለጠፍ ነበር።

ስለዚህ ስለ አንድ አገር ስንመረምር፣ ለማን መረጠ ከሚለው ጥያቄ በፊት፣ ውድድሩ የት ተካሄደ፣ ማንስ ገባበት ብለን መጠየቅ ይገባናል። ወደ ወለጋ የምመለሰው ይህን ጥያቄ ይዤ ነው።

በአሮጌ ካርታና በአሮጌ ደብዳቤ ለቀምት እየተባለች የምትጻፈው ነቀምቴ የለቃ ነቀምቴ ገዥዎች መቀመጫ ነበረች። ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ የገበሩት ሳይዋጉ በመሆኑ፣ ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር። ግቢያቸው ዛሬም ነቀምቴ ላይ ቆሞ ይታያል። በዚያ ዘመን ሥልጣን የሚገኘው በትውልድና በእልፍኝ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ የሚጠየቀው ነገር አልነበረም። በ1928 ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት ወራት የምዕራቡ ባላባቶች በደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር መሪነት ተሰብስበው፣ አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንድትሆን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ማቅረባቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ይህም ቢሆን የባላባቶች ፊርማ እንጂ የሕዝብ ድምፅ አልነበረም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ቢያቋቁምም፣ የሕግ መምሪያው አባሎች የሚመረጡት በመኳንንቱና በሹማምንቱ ነበር። ተራው ሰው ድምፅ የመስጠት መብት ያገኘው ጥቅምት 24 ቀን 1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ዕድሜው 21 የሞላው ወንድም ሴትም እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 መባቻ ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965፣ በየአራት ዓመቱ ሳይዛነፍ ተደገመ። በመደበኛነቱስ ከኦታዋ ብዙም አያንስም ነበር።

ልዩነቱ ያለው በሩ ላይ ነው። ሕጉ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ዕድሜው 25 የሞላ፣ በምርጫ ክልሉ ነዋሪ የሆነና እዚያው ንብረት ያለው እንዲሆን ያዝዝ ነበር። የንብረቱም ልክ የማይንቀሳቀስ ከሆነ 1,000 ብር፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ 2,000 ብር የሚያወጣ ነው። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። የምክር ቤቱም ሥራ በአማርኛ ነበር። እንግዲህ አንድ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ዙሪያ በሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛን አስቡ። ቤቱ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ ርስት የለውም። ሕጉ መራጭ ነህ ይለዋል፤ ተመራጭ ግን አትሆንም። በወረቀቱ ላይ ከሚያገኛቸው ስሞች አንዱ የመሬቱ ባለቤት፣ ሌላው የባለቤቱ አማች ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ለማን መረጠ ብሎ መመዝገብ ስለ ሰውዬው ሐሳብ ምንም አያስረዳንም። ውድድር አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ብርቱ ውድድር ነበር። ነገር ግን የተካሄደው በባለ ርስቶች መካከል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወለጋ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ጥቂት ልበል፤ ያለዚህ የአገሩን ፖለቲካ ማስተዋል አይቻልም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1896 ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። የስዊድን ሚሲዮን በነቀምቴ፣ የጀርመኑ ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን ደግሞ በ1920 ገደማ በአይራ ተተከሉ። ከእነዚህና ከሌሎች ማኅበረ ምእመናን በጥር 1951 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች። ከትምህርት ቤቶቹ የወጡት ልጆች አስተማሪ፣ አስታማሚና ጸሐፊ ሆኑ። ብዙዎቹ ከባላባቱ ይልቅ የተማሩ ናቸው፤ ርስት ግን አልነበራቸውም። በዚያን ዘመን በነበረው ሕግ ሚዛን፣ መጽሐፍ ያነበበው ከምክር ቤቱ ደጅ ውጭ ቀርቶ ርስት ያለው ይገባ ነበር።

የኦታዋን ምሳሌ የያዘ አንባቢ አሁን አንድ ነገር ይጠብቅ ይሆናል። ሁለቱም አገሮች ፕሮቴስታንት ናቸው፤ በሁለቱም ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አንድ ላይ ነው የተሠሩት፤ ስለዚህ ሁለቱም ወግ አጥባቂ መሆን አለባቸው ሊል ይችላል። እኔም እንዲህ ብዬ ነበር የጀመርሁት፤ ተሳስቻለሁ። በኦታዋ ሃይማኖቱና ሥርዓቱ ተስማምተው ስለ ኖሩ፣ ሃይማኖቱን መጠበቅ ሥርዓቱን መጠበቅ ሆነ። በወለጋ ግን ወንጌላዊው ክርስቲያን በንጉሡ ዘመን ከመንግሥቱ ሃይማኖት ውጭ ያለ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ በወለጋ ብዙ የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ፣ የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አንድ ዓይነት መዝሙር የሚዘምሩ ሁለት ማኅበረ ምእመናን፣ አንዱ የሥርዓቱ ምሰሶ፣ ሌላው በሥርዓቱ የሚጠረጠር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የቈጠራ ወረቀት ሃይማኖቱን ይነግረናል፤ ሰውዬው ከመንግሥት ጋር የት እንደ ቆመ አይነግረንም።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ባወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። በዚህም የድሮው የንብረት አጥር ፈረሰ፤ በምትኩ ሌላ አጥር ተተከለ። ጥር 24 ቀን 1979 በሕገ መንግሥቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ፣ ሰኔ 7 ቀን ደግሞ የ835ቱ የብሔራዊ ሸንጎ አባሎች ምርጫ ተካሄደ። ለአንድ ወንበር ከአንድ በላይ እጩ ሊቀርብ ይችል ነበር፤ ጠቋሚው ግን ኢሠፓና ከሥሩ ያሉት ማኅበራት ነበሩ። ውድድሩ ከባለ ርስቱ እልፍኝ ወጥቶ ወደ ፓርቲው ጽሕፈት ቤት ገባ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚሁ ዘመን የአገሩ ሕዝብ አሰፋፈርም ተለወጠ። ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በመንግሥት ትእዛዝ ከተነሡት 600,000 ያህል ሰዎች መካከል ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው ወለጋ ናት። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በእኛዪቱ ኡኬና በአንገር ሸለቆ በኩል፣ በገበያ ቀን አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ የበርበሬ ጆንያ ላይ ሲከራከሩ መስማት ለልጅነት ጆሮዬ እንግዳ አልነበረም።

ከደርግ በኋላ የተደረጉትን ምርጫዎች በሚገባ ለማንበብ የአገሩን ልክ ማወቅ ያሻል። የቀድሞዋ ወለጋ ተከፍላለች፤ አሶሳና አካባቢዋ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሲሄዱ፣ የቀረው ኋላ ምሥራቅ ወለጋ፣ ምዕራብ ወለጋ፣ ቄለም ወለጋና ሆሮ ጉድሩ ተባለ። በ1999 ቈጠራ ምሥራቅ ወለጋ 1.2 ሚሊዮን፣ ምዕራብ ወለጋ 1.35 ሚሊዮን፣ ቄለም 800,000 ያህል፣ ሆሮ ጉድሩ ከ570,000 በላይ ሕዝብ ነበራቸው። በድምሩ 4 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የነቀምቴ ከተማ ሕዝብ በ1987 ቈጠራ 47,000 ያህል የነበረው በ1999 ወደ 75,000 ደርሷል። ከከተማው ነዋሪ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፕሮቴስታንት፣ ከመቶ 39 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ከመቶ 11 ያህሉ ሙስሊም ነው። በምሥራቅ ወለጋ ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ ኦሮሞ ሲሆን፣ ከቀሩት የሚበዙት አማሮች ናቸው። ይህ ቍጥር ዛሬ ያረጀ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ ሌላ ቈጠራ አልተካሄደም።

አሁን ጓደኛችን ያመጣውን ሠንጠረዥ እንክፈት። ሰኔ 14 ቀን 1984 ለተደረገው የክልልና የወረዳ ምርጫ በወለጋ ብርቱ ድጋፍ የነበረው የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ቀኑ ሊደርስ ሲል ራሱን አገለለ፤ ወዲያውም ከሽግግር መንግሥቱ ወጣ። በ1986 የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫና በ1987ቱ የፓርላማ ምርጫም አልገባም። ኦሕዴድ በሁሉም አሸነፈ። በ1992ም እንዲሁ የኢሕአዴግ ንብ በብዙው ወረዳ ያለ ብርቱ ተቀናቃኝ በረረች።

ግንቦት 7 ቀን 1997 የተደረገው ምርጫ የተለየ ነው። የቦጂ ተወላጅ፣ ቀድሞ የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር የነበሩትና አዋሽ ባንክን ካቋቋሙት አንዱ የሆኑት አቶ ቡልቻ ደመቅሳ የሚመሩት የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ በአጭሩ ኦፌዴን፣ ዋና መሠረቱን ወለጋ ላይ አድርጎ ቀረበ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ክርክር ነበር፤ ተቃዋሚው ስብሰባ ይጠራ ነበር። ከፓርላማው 547 ወንበሮች ኦፌዴን 11 አገኘ። በመላው ኦሮሚያ ከ178ቱ ኦሕዴድ የያዘው 110 ሲሆን የቀረው ለተቃዋሚዎች ሄደ። ይኸው ጓደኛችን ሰጥ ለጥ ያለ ያለው አገር፣ ወረቀቱ ላይ ሁለተኛ ስም ባገኘ ጊዜ ሁለተኛውን ስም አነበበ። ደግሞም ያ ሁሉ ሁከት በአዲስ አበባ ሲነሣ፣ ኦፌዴን ወንበሩን ይዞ ፓርላማ ገባ፤ መራጮቹም እንደራሴ ነበራቸው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ኦሕዴድ 178ቱንም ወሰደ። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱን በሙሉ ያዙ። የወለጋ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ልቡን ገለበጠ እንበል? ሌላውን ነገር ብናይ ይሻላል። በ2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ኦፌዴን እጩዎቹ እንደሚዋከቡ ገልጦ ወጣ። በ1997 ከ1 ሚሊዮን በታች የነበረው የኢሕአዴግ አባል በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ማዳበሪያ፣ ብድር፣ ሥራ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ይህ ሁሉ የሚገኘው ፓርቲውና መስተዳድሩ በማይለዩበት ጽሕፈት ቤት ነው። ኋላም አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጣ። አንባቢ ሆይ፣ ውድድሩ እንደገና ቦታ ለወጠ፤ ከድምፅ መስጫው ሣጥን ወጥቶ ግምገማ ወደሚባለው የውስጥ ስብሰባ ገባ። በዚያም የእውነት ይጣሉ ነበር፤ ባለሥልጣን ይወርድ፣ ባለሥልጣን ይወጣ ነበር። ነገር ግን ከኦታዋ የነሐሴ ማጣሪያ ጋር ብናነጻጽረው፣ ይኸኛው በሩ የተዘጋ፣ ውጤቱም የማይለጠፍ ነው።

በምርጫ ሕጋችንም አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በአንድ የምርጫ ክልል ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ወንበሩን ይወስዳል፤ የቀሩት ድምፆች፣ ከመቶ 10 ሆኑ ከመቶ 40፣ በወንበር ቍጥር ውስጥ አይታዩም። ስለዚህ 178 ከ178 የሚለው ቍጥር በየጣቢያው ያለውን የሐሳብ ልዩነት ሁሉ ውጦ የሚያስቀር ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ምርጫ ከኦፌዴንና ከሌላ ፓርቲ ውሕደት የተገኘው የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ፣ እንዲሁም የኦሮሞ ነጻነት ግንባር፣ መሪዎቻቸው መታሰራቸውንና ቢሮዎቻቸው መዘጋታቸውን ገልጠው አልገቡም። በወለጋ ጥቂት የምርጫ ክልሎች ደግሞ በጸጥታ ምክንያት ያን ቀን ጭራሽ ድምፅ አልሰጡም። ብልጽግና ፓርቲ አሸነፈ። ሠንጠረዡ ይህን ከ2002ቱ ጋር በአንድ ዓምድ ያሰፍረዋል።

የክርክሩን ዋና ነገር እዚህ ላይ ልናገር፤ ጉዳዩ የመኝታ ክፍል ጨዋታ ብቻ አይደለምና። አሜሪካኖች የቈጠራ ሠንጠረዥና የምርጫ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ይህ ዘር እንዲህ መረጠ፣ ያ ሃይማኖት እንዲያ መረጠ እያሉ ይተነትናሉ። የተሸነፈው ሰው ለሚቀጥለው ምርጫ ይዘጋጃል፤ አይሞትበትም። እኛ ዘንድ ግን ይህንኑ ስሌት የሚያሰሉ አሉ፤ ኦሮሞው ለዚህ፣ ሰፋሪው ለዚያ እያሉ። ምርጫው ክፍት ሆኖ ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ሳይጠየቅ፣ የቈጠራው ቍጥር ራሱ እንደ ድምፅ ይቈጠርባቸዋል። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ገበሬዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት አማሮች በመሆናቸው ተገደሉ። በምሥራቅ ወለጋና በሆሮ ጉድሩም ኦሮሞውም አማራውም ቤቱ ተቃጥሎበት ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሰፋሪው በ1977 በጭነት መኪና ሲመጣ የማንም እጩ አልነበረም፤ የሱ ልጅ በ1997 ለማን እንደ መረጠም ከብሔሩ ተነሥቶ ሊናገር የሚችል ሰው የለም። የኡኬ ሰው በአንድ ሰልፍ ቆሞ፣ ወረቀቱን አጥፎ ከቶ፣ ጣቱን ቀለም አስነክሮ ሲመለስ፣ ምስጢሩ የራሱ ነው።

እንግዲህ ለጓደኞቼ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው። አንደኛው ጓደኛችን የተወዳዳሪ እጦትን እንደ ፈቃድ ቈጠረው። ሁለተኛው ደግሞ አንዱን ክፍት ዓመት የዘላለም ጠባይ አደረገው። በ1997 ወለጋ ውስጥ ለኦሕዴድ የመረጡ ሰዎችም ነበሩ፤ እነርሱም ያን ጊዜ ሌላ ስም አይተው የመረጡ ስለሆኑ ምርጫቸው ከ2002ቱ ይልቅ ክብደት አለው። ወለጋ ወግ አጥባቂ ይሁን ተቃዋሚ ለመናገር፣ እንደ ኦታዋ ሃያና ሠላሳ ክፍት ምርጫዎች በተከታታይ ያስፈልጉናል። እስካሁን በእጃችን ያለው አንድ ነው፤ እርሱም ሙሉ ነበር አልልም።

በመጪው ዕረፍት ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የምትሄዱ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልትሠሩ ትችላላችሁ። በ1965ቱ ምርጫ 21 ዓመት ሞልቶት የመረጠ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ነው፤ ብዙ አልቀሩም። ለማን እንደ መረጡ አትጠይቋቸው፤ እርሱ ምስጢራቸው ነው። የትኞቹ ሰዎች ቀርበው እንደ ነበር፣ እነዚያን ሰዎች ማን እንዳቀረባቸው፣ ሊቀርብ ፈልጎ የተከለከለ ሰው እንደ ነበረ ጠይቁና ጻፉ። ስለ 1979፣ ስለ 1997ና ስለ 2002ም ይህንኑ ጠይቁ። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ የጻፋችሁትን አምጡልን፤ በሚቀጥለው ቅጽ ወረዳ በወረዳ አድርገን እናወጣዋለን። የኡኬን እኔ ጀምሬዋለሁ።